የመልካው ቤት

ከቢቸና ቁልቁል፣ ደጋው ሲያልቅ መሬቱ፣
ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለው ቤቱ።
ሾላ በቅሎበታል፣ ከእልፍኙ መካከል፣
ጦጣ ትፈርዳለች፣ ፍሬ ስታካፍል።

«ይህ ቤት የማን ነበር?» ብለው ሽማግሌ፣
ሞፈር ተደግፎ፣ «የጨው ነው፣ አሞሌ።
ድንጋይ አይምሰልህ፣ ዝናም ያሟሟዋል፤
አባይ ያመጣውን፣ አባይ ይወስደዋል።»

ጓሉ የሚሉት ሰው፣ በሬ ያልነበረው፣
ዋና ብቻ ነበር፣ አባቱ ያስተማረው።
ነጋዴ ከወሎ፣ ጨው ጭኖ ሲመጣ፣
ጓሉ በአቁማዳ፣ አሻግሮ አወጣ።
አንድ ጨው ለነፍሱ፣ አንድ ጨው ለአህያ፣
አንዱን ደሞ «ለአዞው»፣ ሲል ለማስፈራሪያ።
ኋላ ዋናው ቀርቶ፣ ሎሌ እየዋኘለት፣
እሱ ከጥላ ሥር፣ ገመድ ዘረጋበት።
አላፊ ሁሉ ቆመ፣ ገመድ እስኪላላ፤
ያን ጊዜ ስም ወጣ፣ ለዛፏ ሥር፦ ኬላ።

ልጁ ቢሰውርማ፣ እግሩም አልራሰ፤
ማሩን ከነፈረሱ፣ ግቢ አደረሰ፣
ሰባት አገር ጉልት፣ በአዋጅ ወረሰ፣
ፊታውራሪ ተብሎ፣ ለምድ ለበሰ።
ግንቡን ያሠራው እርሱ፣ በኖራ በእንቁላል፤
(ዶሮው ያለቀበት፣ አገር ይናገራል።)
ሴት ልጆቹን ሁሉ፣ እንደ ድልድይ ጣለ፤
አንዷን ለዳሞት ሹም፣ አንዷን ለሜጫ አለ።
እንጉዳይ የምትባል፣ ታናሺቱ ብቻ፣
«ድልድይ አልሆንም» ብላ፣ እምቢ አለች ጋብቻ።
ዲማ ገብታ መንና፣ እንዲህ አለች አሉ፦
«የአባቴ ደጆች፣ ይብላኝ ለባለ ውሉ፤
ገመድ የያዘ ሰው፣ ሁለት እጁ ታስሯል፤
አላፊው ያልፋል እንጂ፣ አሳላፊው ቀርቷል።»

ጦር አልፈታውም ያን ቤት።

መሪጌታ ፈንቴ፣ ወንጌሉን ገለጡ፤
ከማቴዎስ ግርጌ፣ ስሞች ተራወጡ፦
ጓሉ ቢሰውርን፣ እርሱም ደርሶን ወልዶ፣
ደርሶ ዘጠኝ ወልዶ፣ ለእያንዳንዱ ማዶ፣
ለእያንዳንዱ ወሰን፣ ለእያንዳንዱ ዋርካ፣
ዘጠኝ ወንድማማች፣ በገመድ ተለካ።
ያው የአያት ገመድ፣ እርሻ መተሪያ ሆኖ፣
ያንዱ ማሳ ካንዱ፣ በአንድ ስንዝር ገኖ፣
ለዚያች ስንዝር ሙግት፣ ሠላሳ ዓመት ቆሙ፤
ሠንጋው ለነገረ ፈጅ፣ ጥይት ለወንድሙ።
«ይህን የፋቀ እጅ፣ ውጉዝ ነው» ይላል፤
ፋቂው ስሙን ጽፎ፣ ግዝቱን ትቶታል።

«ያ የሚዋኘውስ፣ የሎሌው ስም የታል?»
ብላቸው መሪጌታ፣ «ውኃ ላይ ተጽፏል»
አሉኝ፣ ብራናውን፣ በኩታቸው ጠርገው።
የእኔ ቅድመ አያት ነው፣
አዞው የወሰደው።

ከዚያ ድልድይ ሆነ፣ ከላይኛው ሸለቆ፤
መልካው ሰው አጥቶ ቀረ፣ ጠጠሩን አሙቆ።
የነጋሪት ቆዳ፣ ለአልጋ ጠፍር ሆነ፤
የጋሻው ብር ደግሞ፣ ለተዝካር ተመዘነ።
ዐዋጅ መጣ ኋላ፣ ርስት የሚል ቃል ሻረ፤
ሊወርስ የመጣው ግን፣ ምን አግኝቶ ነበረ?
አንድ የዋንዛ መዝጊያ፣ ሦስት ጎዶሎ ሰፌድ፣
አንዲት ባልቴት በደጅ፣ ፀሐይ የምትሞቅ ብርድ
ሳይኖር።

ዛሬ በቢቸና፣ በአስፋልቱ መውጫ፣
አለኸኝ ተቀምጧል፣ ጎማ መቀመጫ።
ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ደረሰኝ በእጁ፣
ገመድ ይጎትታል፣ የደርሶ ልጅ ልጁ።
ሹፌሩ ይሳደባል፣ አንገቱን አውጥቶ፤
እሱ ይቆርጥለታል፣ ምንም እንዳልሰማ ትቶ።

«አያቶችህ እኮ» አልሁት፣ ልተርክለት ስል፤
«ቆይ ጋሼ» አለና፣ ተነሣ ቀልጠፍ ሲል፣
ገመዱን አላልቶ፣ መኪና አሳለፈ፣
ወንዝ የሚያህል አቧራ፣ በሁለታችን አለፈ።

ጭነቱን አየሁት።
ጨው ነበር።