ቆራጭ

ማናማ፣ ጉደይቢያ፣ ከልብስ ሰፊው ሕንዳዊ ጎን፣ ከደረጃው ሥር፣
ሥራዬ ሴት ማጥፋት ነበር፤
በጥቁር ማርከር።

አባቴ «ደምሰው» ያለኝ ጠላት ይደመስስ ብሎ ነው፤
እኔ ግን የደመሰስኩት ትከሻ ነው።

ካሴቱ ከጃፓን ተነሥቶ ሲንጋፖር አድሮ ይመጣል፣
ካርቶኑን ጨው በልቶታል፤
ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት፣ ኪሞኖዋ ከጀርባዋ የወረደ፣
በእጇ ቢላዋ፣ ዓይኗ የነደደ።
«አልብሳት» ይለኛል መህዲ፣ ሳንቡሳውን እያኘከ።
አለብሳታለሁ፤ አንገት፣ ክንድ፣ ባት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት፤
ቢላዋውን አልነካም።
ስለ ቢላዋ የወጣ ደንብ አልነበረም።

ማታ ደግሞ ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን፤
አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል፣
አውራ ጣቴ መሐል ገብታ ትዳኛለች።
ዝናብ፣ ይለፍ። የወረቀት በር፣ ይለፍ።
ከበሩ ጀርባ ሁለት ትንፋሽ፣ ቁም።
የታነቀችው፣ ይለፍ።
ወንዝ የተጣለችው፣ ይለፍ።
ፀጉሯን እየጎተተች በውኃ ቧንቧ የምትመለሰው፣
ይለፍ፣ ይለፍ።

ጃፓኖቹ ግን ተንኮለኞች ናቸው፤
መሻትና ፍርሃትን በአንድ ክር ነው የሰፏቸው።
አንዱን ስትተረትር ሌላው ይላላል፤
ሳትወደድ የሞተች ለማን ብላ ትመለሳለች?
ለማን ብሎ ፀጉሯ ይረዝማል?
መዋደዱን ቆርጬ መታረዱን አቆየሁ።
ደንበኞቹም ካሴት ሲመልሱ፣
«ይቺ ሴት ምን ሆና ነው የምትገድል?» ይሉኛል፤
እኔ ምን እላለሁ?
ምክንያቱ እኔ ዘንድ ነው፣ በብስኩት ቆርቆሮ፤
የቆረጥኩትን ሁሉ ስም በሌለው አንድ ካሴት ላይ ቀጣጥዬ፣
ሦስት ሰዓት ሙሉ ትከሻ።

አንጓች ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር፣
በፓስፖርቷ ፈዲላ፣
የጌቶቿን ልጅ ካሴት በጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ።
ሌሊት ልብስ እየተኮሰች፣ በበር ስንጥቅ፣
ግማሽ ግማሹን ታያለች።
«ያቺን ውኃ ውስጥ ያለችውን» አለችኝ አንድ ቀን፣
«ምን አድርገዋት ነው?»

ዓርብ ቀትር፣ መንገዱ ሁሉ መስጊድ ሲገባ፣
መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርጄ አሳየኋት።
ታፍራለች ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤
አላፈረችም።
ትከሻ፣ ትንፋሽ፣ ወለል ላይ የተረሳ ማበጠሪያ፣
አንዷ የባሏን ጣት አንድ በአንድ ስትቆጥር፣
ሌላዋ ስትስቅ፣ እንዲያው ስትስቅ፣
ቢላዋው ገና ከመሳቢያ ሳይወጣ።
አንጓች ሻሿን አስተካከለች።
«እኛ ቤት» አለች፣ «የሚቆርጡት ሌላውን ነው።
ሳቁ ለእንግዳ ይታያል።»
እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፤
የካውያ ጫፍ፣ ሦስት ቦታ፣
እኔ ያላጠቆርኩት ጥቁር።
የማርከሬን ክዳን ገጠምኩ።
«ሻይ ላምጣልሽ» ብዬ ወጣሁ፤
ፈሪ ነኝ፣ ሻይ ማምጣት እችላለሁ።

ስመለስ የለችም።

በቀጣዩ ሐሙስ ሌላ ልጅ መጣች፣ ያው ጥቁር ፌስታል።
«አንጓችስ?»
«እሷማ ቆረጠች» አለችኝ፣ ዘወር እንዳለች።
ምኑን? ቲኬት? ተስፋ? ሆዷ ነው የቆረጠ?
ለሁሉም አንድ መቀስ ብቻ ያለው ቋንቋ!
ልጠይቃት ስል ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ማታ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ካሴቱ የለም።
በቦታው አንድ ጉንጉን ፀጉር፣ ከሥሩ የተቆረጠ፣ እርጥብ፤
የነሐሴ ወበቅ ያራሰው ይሁን ሌላ ውኃ፣
አላሸተትኩትም።
የቆረጥኳቸው ሁሉ ተከትለዋት ወጥተዋል ማለት ነው፣
በአንድ ፌስታል፣ እየሳቁ።

መህዲ ከላይ ይጣራል፤ አዲስ ዕቃ ገብቷል፣ ናና አልብስ።
ሽፋኑ ላይ ያለችው ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤
ትዞር ይሆናል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ፤
ከዚያ ትከሻዋን ትቼ
ቢላዋውን አለበስኩት።