ምስማሩ

ስድስት ስልክ ጭኜ በመኪናዬ ደረት፣
ሥራዬ መለካት፣ እንጀራዬ ርቀት፣
በቺሌ ደቡብ ጫፍ፣ ዝናብ በማይደክመው፣
ጠጠሩ መንገድ ላይ ስመላለስ እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ሁለቱ የቀዩ፣ ሁለቱ የሰማያዊው፣
ሁለቱ የአረንጓዴው፣ ትናንት የመጣው፤
(ስማቸውን አልጠራም፤
ደመወዝ ከፋዬ ከሦስቱ አንዱ ነው።)
ቀን ሙሉ እርስ በርስ ይደዋወላሉ፣
ያነሳሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግመው ይደውላሉ፤
አንዱ ሌላውን «እንዴት አደርክ» ሳይለው
«ጥራቱ ጥሩ ነው» ብለው ይጽፋሉ።

ከተማ ውስጥ ቀዩ ይጋልባል እንደ ፈረስ፣
ሙሉ ፊልም ያወርዳል፣ ስኳሬ ሻይ ውስጥ ሳይፈርስ፤
ድልድዩን ሲሻገር ትንፋሽ ያጥረውና፣
ከአራቱ ዘንጎቹ አንዱ ይቀረውና፣
እሱም እፍ!

ሰማያዊው ዝግ ነው፤ አንዲት ፎቶ ለማድረስ
ያምጣል እስኪነጋ ድረስ፤
ግን ገደል አይፈራም፣ ጭጋግ ውስጥ አይደናገር፣
ሰው ባልሰፈረበት ፈፋ ሲያንሾካሹክ ያድር።

አረንጓዴው ካርታው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤
ቦታው ስደርስ ግን
ቅጠልም የለው።

የጀልባው ሰው ዶን ኡልደሪኮ ባየኝ ቁጥር ያስቆመኛል፦
«ከሦስቱ የቱ ይሻላል?»
«የት ቆመህ? በምን ስልክ? ምን ልታደርግበት?» እለዋለሁ።
«እንደ ሐኪም አትሁንብኝ» ይለኛል።
የሱ ስልክ ከድንበር ማዶ፣ ከአርጀንቲና በርካሽ የተገዛ፣
መልኩ ያማረ፣ ካሜራው የበዛ፤
ግን ቁልፉ እዚያው ቀርቶ፣ የእኛን ሲም አልቀበልም አለ፤
ይኸው ሌሊት መረብ ሲጠግን፣ ለመብራት አገለገለ።

ከካሌታ ብራቫ፣ መንገዱ ካለቀበት፣
የዶኛ ሆቪታ ቤት፤ ሱቅም ነው፣ ማዕድ ቤት።
በመስኮቱ ክፈፍ አንድ ምስማር አለ፣
ምስማሩ ላይ ስልኳ፣ ባለ ቁልፉ፣ አሮጌው፣
በላስቲክ ታስሮ የተንጠለጠለ።
ልጇ ሌአንድሮ ከሳልሞን እርባታው፣ ከመርከቡ ላይ፣
አሥር ሰዓት ሲሆን ይደውላል፤
የሚገባው ግን ነፋሱ ከምዕራብ ሲነፍስ ነው፣
ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ መሣሪያዬ አያውቀውም።

ስድስቱን ስልኬን መስኮቱ ሥር ደረደርኩ።
ባዶ። ባዶ። ባዶ።
ባዶ። ባዶ። ባዶ።
የሷ ጮኸ።

ከባሕሩ ማዶ ያለው ሽማግሌ ማማ ነው፤
ድምፁ ወፍራም፣ ቀርፋፋ፣ ግን ሩቅ የሚሰማው።
በሰኔ ያጠፉታል፤
አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው።
አዲሱ ማማ ከኮረብታው ጀርባ ቆሟል፣
በአዲስ ቋንቋ ይጣራል፤
የሆቪታ ስልክ ግን የተማረው የድሮውን ነው፣
ቢጠሩት አይሰማ፣ ቢሰማም አይገባው።

እንዴት ልንገራት?
«ካርታው ላይ ቤትሽ ተሸፍኗል» አልኳት።
ቀና ብላ ጣሪያዋን አየች፣ ከቆርቆሮው ቀዳዳ ጠብ ሲል ውሃው፣ ጠብ።
«በምን?» አለች።

መልስ አጣሁ። ከስድስቱ አንዱን፣ ዝግተኛውን ሰማያዊ፣ ከሽቦው ፈታሁ፣
ሲሟን ከተትኩበት፤
መሥሪያ ቤት ቢጠይቁኝ «ባሕር ገባ» ልል።
ከዚያ ፍለጋ፦
ምድጃው ጋ የለም፣ አልጋው ጋ የለም፣
በሩ ላይ አንድ ዘንግ፣ ብቅ ብሎ ጥፍት፣
እሷ ፊት ፊት፣ ስልኩን እንደ ፋኖስ ከፍ አድርጋ፣ እኔ ከኋላ፣
ጭቃው፣ አጥሩ፣ የጎመኑ መደብ፣ ምንም…
በመጨረሻ ዶሮ ቤት።
ከእንቁላሉ ቅርጫት በላይ፣ ሦስት ዘንግ፣ ጥርት ብሎ!

ምስማሩን ከመስኮቱ ነቀለች ራሷ፣ በጉጠት፣
አቃንታ፣ በድንጋይ፣ መታችው ከዶሮዎቹ ቤት።
ሪፖርቴ ላይ ለፍጥነት ዓምድ አለው፣ ለጥራት ዓምድ አለው፣
ለዶሮ የሚሆን ቦታ የለው።

መኪናዬ ውስጥ አምስቱ፣ ስድስተኛቸውን ይጠራሉ፤
«የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ይባላሉ።

አሥር ሰዓት። ጮኸ።
አውራ ዶሮው ቀድሟት መለሰ።
«እማዬ? እማዬ፣ የት ነሽ?»
«እዚሁ ነኝ» አለች ሆቪታ፣ ጭድ ከፀጉሯ እያራገፈች፣
«እዚሁ ነኝ፤ ጎንበስ ብዬ ነው።»