ያዢ… ልቀቂ

«ጃዋ እኮ ቅርስ ነው፣ ኔዥካ፣ ምን ያነካካሻል?
እንደ ተወለደ ቢቀመጥ ይሻላል»
አለኝ ቦጎሚር፣ ሰብሳቢው ጎረቤት፣
ለቅሶ እንደ መጣ ሰው ተገትሮ በሩ ፊት።
ለሱ ኃጢአት ነበር ታምቡሩን መንቀሌ፣
ቀጭኑን ፎርኬላ አውጥቼ መጣሌ።
ቀይ ሰልባትዮውና ሞተሩ ቀርተዋል፤
ከአንገት በታች ያለው ሌላ ፍጡር ሆኗል፦
የሴኒሴ ካለው የብረት መቃብር
ከጃፓን ሬሳ ላይ የፈታሁት እግር፣
ወፍራም፣ ዘይት ጠጪ፤ ዲስክ ከነካሊፐር።

አንገቱ አልገጠመም። ሁለት ሳምንት አምሽቼ
በቶርኖ ላጥኩለት፣ በፀጉር ለክቼ፣
ኩሽኔታው እሺ እስኪል ገጥሜ፣ ፈትቼ።
የኋላ አሞርዛተሩ፣ ጉልበቱ የከዳው፣
በየጉድጓዱ ላይ ወገብ የሚቀጣው፣
ተሸኘ። አዲሱ ሲጫኑት ዝቅ ይላል፣
ሳይፈነጭ ደግሞ ቀስ ብሎ ይነሣል።

የሚመጣው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦
«አሁን ስንት ይሄዳል?»
መሄድማ ምን አለው!
ድንጋይም ይሄዳል ቁልቁል ከለቀቁት።
ስለ መቆም ጠይቁኝ፤ ስለ መሄድ ተዉት።

እናቴ ሚልካ የትሬንታ ልጅ ነች፣
ቭርሺችን ተሻግራ ወዲህ የተዳረች።
ሃምሳ ኩርባ አለው፤ በኛ በኩል ያለው
እጥፋት እጥፋቱ የድንጋይ ንጣፍ ነው፣
ሲደርቅ ጥርስ የሚያጋጭ፣ ሲርስ ሳሙና ነው።
አባቴ ስታኔ በእሑድ በእሑዱ
ጃዋው ላይ ጭኗት ነው ሀገሯ መውረዱ።
አንድ የሐምሌ ማታ፣ ሲመለሱ ቁልቁል፣
አንዳች ነገር ሸተተ፣ ጨርቅ እንደሚቃጠል፤
የፍሬን ሸራው ነው። አባቴ ጨበጠ፤
መያዣው ሄደና መሪው ላይ ተቀመጠ፤
እግሩንም ረገጠ።
የሚሰማ የለም።
ዐሥራ አንደኛው ኩርባ፣ ያቆማቸው ነገር
አንድ የጥድ ግንድ ነው፣ አንድ የላም በረት አጥር።

ማንም አልሞተም፤ አባቴም ሣቀ፤
እሷ ግን ወረደች፤ ነገር አለቀ።
ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቃል ሳትተነፍስ፣
ዐሥር ኩርባ በእግሯ፣ እስከ ቤቷ ድረስ።
ከዚያ ወዲህ ለእህቷ ሠርግ፣ ለእናቷ ቀብር
አውቶቡስ ነው የምትሳፈር፣
ተራራውን ዞራ፣ ግማሽ ቀን፣ በሌላ ሸለቆ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት።
አባቴን ይቅር ብላ ነው አምና የቀበረችው።
ጃዋውን ግን አላለችው።

ትናንት ማታ ሥራው አንድ ነገር ቀረው፦
ከፍሬኑ ቱቦ ውስጥ አየር ማስወጣት ነው።
ይህ ለብቻ አይሆንም፤ አንዱ ይጨብጣል፣
ሌላው ተንበርክኮ ቡሎኗን ይፈታል።
ቦጎሚርን ልጠራ ስወጣ፣ በሩ ላይ ቆማለች፣
በሌሊት ልብሷ ላይ የአባቴን ካፖርት ደርባ።
«እኔ ልያዘው» አለች።

ያዢ። ፈታሁ። አረፋ።
ዘጋሁ። ልቀቂ።
ያዢ። ፈታሁ። አረፋ፣
በነጩ ቱቦ ውስጥ እንደ ዓሣ እስትንፋስ።
ልቀቂ።

መያዣው ልል ነው፤ እመሪው ድረስ ሄዶ ይከዳታል።
እጇን አየችው።
«ስታኔ ያን ዕለት የጨበጠው… እንዲህ ያለ ነበር?»
«እንዲህ ያለ» አልኳት።
ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።
«በይ፣ ፍቺ።»

በሠላሳው ይሁን በአርባው፣ አልቆጠርኩም፣
ጠጠረ። ጣቶቿ ቆሙ።
«ልቀቂ» አልኳት፤
«ቆዪ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሄልሜቱን ሳልጠይቃት አጠለቀች።
ትሬንታ፣ እህቷ ቤት ምሳ በላን።
ስንመለስ፣ ቁልቁል፣ ዐሥራ አንደኛው ኩርባ ላይ
በሁለት ጣት ብቻ ያዝኩት፤
የፊቱ እግር ጎንበስ አለ፣ ሸክም እንደሚቀበል ትከሻ፣
ጎማው ድንጋዩን ነከሰ፤
ቆመ።

ወረደች።
ጥዱ የለም፤ ጉቶው ነው የቀረ። በመዳፏ ዳሰሰችው።
ዞራ ጃዋውን አየችው፣ ያልተዋወቁ ያህል።
ከዚያ ካፖርቱን ሰብስባ ከኋላዬ ወጣች፤
«ቀስ በይ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ
ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ
«ስንት ይሄዳል?» አለች።