የተገለበጠ ጀልባ

አናጢ ነኝ እኔ፣ ጀልባ የምሠራ፣
ጥድ ስልግ ያደግሁ ከአባቴ ጋራ፤
እዚህ ቺሎዌ ላይ፣ ከደሴቱ ዳርቻ፣
ዝናብ ነው ጎረቤት፣ ዝናብ ነው አማቻ።

ያን ዓመት በሐምሌ አንሴልሞ ልጄ፣
ወደ ባሕር ወጣ በሠራኋት በጄ፤
ስሙን በቀይ ቀለም የከተብሁባት፣
በሦስተኛው ቀን ባሕር ገልብጦ መለሳት።
እሱን አልመለሰም።

መላጊያዬ ዛገ፤ መጥረቢያዬ ዛገ፤
የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማጽናኛ ፈለገ።
«ለበጎ ነው» አሉኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ዝም፤
ለበጎ የሚሰምጥ ልጅ እኔ አላውቅም።
ደወሉ ሲደወል ጆሮዬን ደፈንሁ፤
ካንተ ጋር፣ ጌታዬ፣ ተኳርፌ ከረምሁ።

በሁለተኛው ክረምት ዶኛ ሬሜዲዮስ፣
የደብሩ ቁልፍ ያዥ፣ ሰላምታ ሳታደርስ፣
«ጣራው ያፈስሳል» አለች፤ «መንበሩ ራሰ፤
ወጣቱ ወደ ዓሣ ፋብሪካ ፈለሰ፤
ጥድ የሚያውቅ እጅ ግን ያለው አንተ ጋ ነው።»
ስለ ልጄ አላነሣች፤ ዝም ማለቷን ወደድሁ፤
የዛገ መጥረቢያ ይዤ ተከተልሁ።

መሰላል ወጥቼ ከጣራው ሥር ገባሁ፤
ፋኖሴን ከፍ አድርጌ ቀና ብዬ አየሁ።
ጎድን ከዚህ፣ ከዚያ፤ አከርካሪ መሐል፤
ሚስማር የለም፤ ሁሉም በጥድ ችካል ታስሯል።
አያቶቼ ጀልባ እንጂ ቤት አያውቁምና፣
ገልብጠው ነው ጀልባ ያቆሙት ለምስጋና።

የተገለበጠ ጀልባ፤
ልጄን ያሰጠመው፤
ደግሞም የሰፈሩን ሰው ከዶፍ ያስጠለለው።

ከዚህ ሆድ ሥር ነበር ልጄ የተጠመቀ፤
የካህኑ እጅ ቀዝቅዞት፣ አልቅሶ፣ ደግሞ የሳቀ።

«ለምን?» ብዬ ጮኽሁኝ። ጠብ አለ ከላይ ውኃ።
ደግሜ ጠየቅሁ። ደግሞ ጠብ።
ይኸው ነው ንግግርህ?
ይኸው ነው ትእዛዝህ?

የልጄን ጀልባ ፈታሁ፣ ሳንቃ በሳንቃ፤
ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ እጄ ግን ነቃ።
የእንጨትን ነገር መቼም ታውቀዋለህ፣
አናጢ ልጅህን ከግንድ ላይ አይተህ።
ከነቀይ ቀለሙ ሽንቁሩን ደፈንሁት፤
አንተም ቀና አላልህ፤ እኔም አልወቀስሁት
ባሕሩን፣ ያን ሌሊት።

ዛሬም «ለበጎ ነው» ከአፌ አይወጣም፤
ግን ዶፉ ሲወርድ ሰው እዚያ ሥር አይረጥብም።
ጧት ስነሣ ደግሞ የሚጠብቀኝ አለ፦
የላላ ችካል፣ የበሰበሰ ጠርዝ፣
ልላግህ የሚል ጥድ።

ስብከቱ ሲረዝም ሕፃናቱ ይሰለቻሉ፤
አንገታቸውን ሰብረው ወደ ጣራው ያያሉ፤
ቀዩን ፊደል በጣት እየቆጠሩ ያነቡታል፦
«አን… ሴል…»

የመጨረሻዋን «ሞ» ባሕር አስቀርቷታል።