ማን አረፈ?

በግራ ኮንዶሚኒየም፥ በቀኝ ያልታጨደ ጤፍ፤
ከመሃል የእድራችን ድንኳን፥ በኅዳር ንፋስ ሲርገፈገፍ።
አንዲት መንገደኛ ቆመች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤
«ማን አረፈ?» ብላ ጠየቀች።
«ማንም» አልኳት፤ «ሎጋሪዝም ነው።»
ከንፈሯን መጠጠች፤
የሟች ስም መስሏት መሰለኝ፥ «ነፍስ ይማር» ብላኝ ሄደች።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ፥ ሰባት ዓመት፤
በቀይ እስክሪብቶ የምጽፍ፥ የሰው ስም ከነሞተበት ዕለት።
ነገሩን ያመጣው ሂርጳሳ ነው፥ የፊዚክስ አስተማሪው፤
ጠመኔ የነካው ኮቱ፥ ከትከሻው ሰፋ ያለው።
በጥቅምቱ ስብሰባ ተነሣ፦
«መቶ አርባ አስፈትነን፥ ስድስት ልጆች አለፉ፤
አንዷ ግን ቀረች ከቤቷ፥ ፍራሽና መሳፈሪያ ስለ ጠፉ።
ለሞተ በማግሥቱ ነው ስድስት ሺህ የምንቆጥረው፤
በቁሙ ላለ ልጅ ግን፥ ምንድን ነው የምንሰጠው?»

ዝምታ። ከኋላ ወንበር ወይዘሮ ሙሉጎጃም ብቻ፦
«የእድር ብር የቀብር ነው!
ስሞት በምን ልትቀብሩኝ ነው፥ በአልጀብራ?»
ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ሦስት እሁድ ተጨቃጭቀን፥ ሃያ ሃያ ብር ጨመርን፤
ከ«ለቀብር» ዓምድ አጠገብ «ለመንገድ» የሚል አሰመርን።
የአንዱ አባት የጋራዥ ዘበኛ፤ የአንዷ እናት ልብስ አጣቢ፤
ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፥ ከቴሌቪዥን ጋር ተጋፊ።
ወንበሩ የለቀስተኛ፥ ድንኳኑም የለቀስተኛ፤
ደብተራቸውን ታቅፈው፥ ማታ ማታ መጡ ወደኛ።
ሂርጳሳ ጥያቄ ያሠራል፤ ቅጽ ያስሞላል፤ ይቆጣል፦
«ወጪ መጋራት ብድር ነው፤ ስትቀጠሪ ትከፍያለሽ፤
አትፍሪው፥ ግን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ፥ እባክሽ።»
ለይበልጣል ደግሞ፦ «ዶክተር እሆናለሁ ማለት ጥሩ ነው፤
እጅህ የሚወደውስ ምንድን ነው?»
ልጁ መልስ አልሰጠም። የሚወዛወዘውን አምፖል አየ።

በሰኔ፥ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፥
ሙሉጎጃም ሞተች።
ድንኳኑ ወደ ድሮ ሥራው ተመለሰ፤
ልጆቹ ራሳቸው ተሸክመው ደጃፏ ላይ ተከሉት።
በቀይ ጻፍኳት። ስድስት ሺሁ በማግሥቱ ደረሰ፤
ሳንቲም አልጎደለባትም።

ሌሊት፥ ለቀስተኛው ሲያንጎላጅ፥ ሲፈንን አየኋት ከጥጉ፤
ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፥
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በዝግታ።
ላስነሣት ስል የሟች ልጅ ክንዴን ያዘ፦
«ተዋት። እናቴ የሚባክን መብራት አትወድም ነበር።»

አሥራ አንድ አለፉ።
ለሲፈን ጅማ ደረሳት፤ ሻንጣ፥ ፍራሽ፥ የአውቶቡስ፤
ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር፥ እስክትደርስ፥ እስክትለምድ ድረስ።
ይበልጣል፥ ስሙ ይበልጣል፥ በሦስት ነጥብ አንሶ
ሳምንት ከቤት አልወጣም፥ ብርድ ልብስ ተንተርሶ።
ሂርጳሳ በሩን አንኳኳ፤ ቴክኒክና ሙያ ወሰደው፤
ፒንሳ፥ ቴስተር፥ የጎማ ጓንት፥ ከ«ለመንገድ» ነው የገዛነው።
ገንዘብ ያዡ አጉረመረመ፦ «ሽቦ እንጂ ይሄ መንገድ ነው?»
«ሽቦም መንገድ ነው» ብዬ ጻፍኩ።
ትክክል ልሁን ስህተት፥ መዝገቡ ላይ አለ።

ዛሬ ደግሞ ኅዳር ነው። ከጤፉ ግማሹ ብሎኬት ሆኗል።
ይበልጣል መሰላል ላይ ነው፥ ቴስተሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ።
አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፦ «ማን አረፈ?»
«አብሩት!» አለ ልጁ ከላይ።
አበራነው። ሁለቱ አምፖሎች በሩ፤ ሦስተኛው እምቢ አለ።
ይበልጣል እየተነጫነጨ
አንድ እርከን ወደ ላይ ጨመረ።