ዳዴ በሎፎተን

መጋቢት ነው ወሩ፤ ባሕሩ ያገሳል፤
የተሰቀለው ዓሣ ሽታው ቤት ይደርሳል።
በእናቴ ሳሎን፣ ከምድጃው ፊት ለፊት፣
ሁለት ሰው ይማራል ቆሞ መራመድን፣ እኩል፣ በአንድ ሰዓት።

አንዱ ኢቨር ነው፣ የልጄ ልጅ፤ አሥራ አንድ ነው ወሩ፤
ሁለት የታች ጥርስ፣ አንድ የጎማ ዓሣ፤ ይኼ ነው ንብረቱ፣ ይኼ ነው ቁጥሩ።
ሌላዋ እናቴ ናት፣ ራግንሂልድ፣ ሰማንያ ስድስት፤
በጥር በረዶ ላይ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶበት።

እሱ በዓሣ ሣጥን ጠርዝ ተመርኩዞ፣
እሷ በብረት ድጋፍ፣ ክንዷ ደንዝዞ፣
ይተያያሉ፤
ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ የተወራረዱ
ሁለት ቁማርተኞች፣ ከወንበር ወደ ወንበር የሚንገዳገዱ።

ጉንቮር ልጄ፣ ኢቨር እጁን ሲለቅ፣ «ወፌ ቆመች!» ብላ ታጨበጭባለች፤
እናቴ ስትለቅ ግን «ኧረ ያዟት!» ብላ ወንበር ትስባለች።
«አንዱን ሥራ?» አለች እናቴ ተቆጥታ፣
«ለሱ በጭብጨባ፣ ለኔ በእሪታ?»

እኔ ድንች እልጣለሁ።
መልስ የለኝም። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ መሐል ላይ ነኝ፤
ዕድሜ ሁሉ የየራሱ የቤት ሥራ እንዳለው፣ የኔን ግን ማን እንደሚያርመው ማንም አልነገረኝ።

ሲጉርድ፣ ታናሹ ልጄ፣ አሥራ ሦስት የሞላ፣
ከወደብ ይመጣል፣ ቱታው ደም ጠጥቶ፣ በጎኑ ቢላ፤
የዓሣ ምላስ ቆርጦ በኪሎ ይሸጣል፤
የስንት እንደሸጠ አይነገረኝም፤ ገንዘቡን ቆልፎ በሣጥን ያስቀምጣል።
ድምፁ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ የማውቀው ልጅ፣ ሌላው እንግዳ ጎረምሳ፤
ስጠይቀው ይዘጋል፤ ዝም ስለው ደግሞ «ግድ የለህም» ብሎ ይመጣል ክስ ሊያነሣ።
የሱ የቤት ሥራ፦ ከኔ መራቅ፣ በሩን ግን አለመቆለፍ፤
የኔ፦ በሩ ሥር መቆየት፣ አለማንኳኳት፣ ግን ደግሞ አለማለፍ።

ጉንቮር ሠላሳ አንዷ። ከትሮምሶ መጣች በአንድ ሻንጣ፣
ልጇን አቅፋ፤ የአባቱ ስም ከአፏ ሳይወጣ።
ከሰው ጋር መኖርን ትማር ነበር እዚያ፤ ትምህርቱ ከበዳት፤
ሌሊት በስልኳ ብርሃን ስትጽፍ አያታለሁ፣ ስትሰርዝ፣ ደግማ ስትጽፍ፣ ማንም ሳያስገድዳት።

እኔስ? አባቴ ሀልቫር የጀልባውን መሪ
እስከ ሰማንያው ያዘ፤ በአርባ ስምንቴም እኔ ነበርሁ ገመድ ሳቢ፣ ተጠሪ።
መልቀቅ የሚሉትን ትምህርት ሳይጨርስ ሞተ፤ ማንም አልወቀሰም፤
ፈተናውን ወርሻለሁ መሰል፣ ሲጉርድ ያሰረውን ፈትቼ ካላሰርሁ እጄ አይመለስም።
ቋጠሮው ልክ ነው። አውቃለሁ። ግን እፈታዋለሁ።

ያልተሠራ የቤት ሥራ አይጠፋም፤ ይቆያል እንደዚያ ዓሣ ደርቆ፣ ተሰቅሎ፤
ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ይመጣል በሌላ ሰው ዕድሜ፣ በሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሎ።

ድንቹ ፈላ።
እናቴ ብረቷን ወደ ግድግዳው ገፋች።
«እንዳትይዙኝ» አለች።
ኢቨርም፣ ትእዛዙ ለሱ ይመስል፣ የሣጥኑን ጠርዝ ለቀቀ፤
በመሐላቸው ሁለት ክንድ ወለል፣ እንደ ባሕረ ሰላጤ ራቀ።
አንድ እርምጃ እሷ። አንድ እሱ። ቆም። አንድ እሷ።
እጄ፣ ከነድንች ልጣጩ፣ አየር ላይ ቀረ፤
እግሬ ሊሮጥ ቃጣ፤ ምላሴን ነከስሁት፤ ጉልበቴ ታሰረ።
ኢቨር ተንገዳግዶ ቀሚሷን ጨበጠ፤
እሷም ራሱን ያዘች፣ ጀልባ የወደብ ምሰሶ እንደሚይዝ፤ ማን ማንን እንደደገፈ እስኪምታታ ድረስ ትንፋሻችን ተቋረጠ።

ያኔ ከበሩ ሥር፣ በወፍራሙ ድምፁ፣ ቢላውን እንኳ ሳይፈታ፣
ሲጉርድ «ወፌ ቆመች» አለ፣ ለአያቱ፣ በሹክሹክታ።

ማታ ወደብ ወርጄ አየሁ ያሰረውን ገመድ፣ ቋጠሮውን።
በጨው ደርቋል። ነካሁት።
ተውሁት።
እስኪነጋ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።