ከጀርባው ሆኜ

ሌላው ሰው ፊቱን ነው፣ እኔ ግን ጀርባውን፣
ላብ ሲያጣብቅበት ያቺን አምስት ቁጥሩን፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆሜ አነበብኩኝ፤
በረኛ ነበርኩ፤ ሌላ ገጽ አልነበረኝ።

አራጋው ይመር ነው፣ የቧንቧ ውሃ ልጅ፤
ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለወሬ የማይበጅ።
ሆጤ ሜዳ ላይ ነው መጀመሪያ ያየሁት፣
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ጎሉን የዋጠው ዕለት፤
እኛ ኳሷ ጠፍታን ስንፈልግ፣ እሱ በጆሮው ሰምቶ
ከአጥቂው እግር ነጠቃት፣ ከየት መጣ ሳይባል ገብቶ።
«አዝዋ» አሉት ያን ቀን፤ በዚያ የሚያልፍ የለም፣
ገደሉን የሚያውቅ ሰው ዳሩን አይረግጥም።

የተከላካይ ሙያ ያልሆነ ነገር ነው፤
ያልገባን ግብ ማነው በደብተር የጻፈው?
አጥቂ ሲያገባማ ከተማው ይሰክራል፣
ፒያሳ ላይ ባጃጁ ክላክሱን ይነፋል፤
እሱ ሲያድን ግን የሚያጨበጭበው
እርጥብ ጓንቴ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ ነው።

ተንሸራቶ አይገባም፤ «ቁምጣ ያቆሸሸ ዘግይቷል» ይላል፤
የአጥቂውን ዳሌ እንጂ ኳሷን መች ያያል።
ዓይን ይዋሻል፣ እግር ይዋሻል፣ ዳሌ ግን አይዋሽም፤
ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግረው አይሄድም።

በሀረጎ ቁልቁለት አውቶቡሱ ሲወርድ፣
ሁላችን ስንጮህ፣ ስንሰዳደብ፣ ስንቀልድ፣
እሱ መስኮት ይዞ ኩርባውን ይቆጥራል፤
«ሹፌርና ተከላካይ ቀድሞ ካላየ ያልቅለታል።»

ለብሔራዊ ቡድን በተመረጠበት ሌት፣
እናቱ ከድጃ ኮምቦልቻ ነበረች፣ ክር ቤት።
«ልጅሽ ተጠራልሽ!» አለቃዋ ቢላት፣
በማሽኑ ጩኸት «ተመታ» መሰላት፤
ካርዷንም ሳትፈርም ሮጣ በር ደረሰች፣
ነገሩን ሲነግሯት እዛው ቁጭ አለች።

አስራ ሰባት ጊዜ ሄዶ፣ አስራ ስድስቱን ወንበር አሞቀ፤
አንዴ፣ ሉሳካ ላይ፣ አስራ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ ቱታውን አወለቀ።
እኛ ሰኞ ገበያ፣ ሻይ ቤት፣ ተጠጋግተን፣
ምስሉ እየተቆራረጠ፣ መብራት ይሄዳል ብለን ፈርተን፤
ካሜራው ኳስ ሲከተል እሱን አያሳየንም፣
ተከላካይ ደህና ከዋለ ቴሌቪዥን አያውቀውም።
አንዴ ብቻ፣ ጀርባውን፣ የማዕዘን ምት ሲመታ፣ አየሁ፤
«እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማንም ሳያውቀው እኔ ለየሁ።

አሁን የማልናገረውን ልናገር።
ሰኔ። ሆጤ። ዝናብ። ከሊጉ ላለመውረድ አቻ ይበቃን ነበር።
ሰማንያ ስምንተኛው ላይ ኳስ ከግራ ተሻገረች፣
ከጭጋጉ ውስጥ፣ ነጭ፣ ቀስ ብላ ወደኔ መጣች።
«የኔ!» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።
አላልኩም።
ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።
ዝምታዬን ሰምቶ፣ ከኋላዬ ሰው የለም ብሎ፣
በግንባሩ ገጫት፣ ወደ ውጭ ሊያወጣት፣ ዘሎ።
በብብቴ ሥር አለፈች።

ጋዜጠኛው ማይኩን ሲደቅንበት፣ ጭቃውን እንደለበሰ፣
«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልመለሰ።
«ገደሉ ገደል ገባ» ተብሎ ተተረተበት፤
እኔም አንድ ማታ አብሬ ሳቅሁበት።

ዛሬ ሀረጎ ሥር ጎማ ይጠግናል።
ቁጭ ሲል ጉልበቱ ከመኪናው በላይ ይንቋቋል።
ልጆች የሞተች ኳስ ይዘውለት ይመጣሉ፤ ነፋስ ይሞላል፤
ሳንቲም አይቀበልም፤ ጣቱን አርጥቦ ቀዳዳዋን ብቻ ይፈልጋል።

ባለፈው የባጃጄ ጎማ ተንፍሶ ደጁ ቆምኩ።
አጎንብሷል። ጀርባው። ቱታው ላይ ቅባት እንጂ ቁጥር አላየሁ።
አስራ ሁለት ዓመት የዘገየች ቃል ጉሮሮዬን ያዘችኝ።
ሳይዞር፣ «ክሪኩን አቀብለኝ» አለ። አቀበልኩት።
«አራጋው፣ ያቺ ኳስ…» አልኩ።
«ደግፈህ ያዘው፣ ይንሸራተታል» አለኝ።
ደግፌ ያዝኩት።